አንድ ጣት የጎደለ ውኃ

ሰዓት ሠሪው ከሞተ ሁለት ወር ከአሥር ቀን ሆኖታል፤ መብራቱን ግን አሁንም የሚያበራው እሱ ነው። ጠዋት ልክ ሦስት ሰዓት ሲሆን፣ ሳሎኑ ጥግ ካለው የመስታወት ገንዳ በላይ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል። ከዚያ ሰማያዊ ብርሃን ግድግዳውን ያለብሰዋል። ከአሮጌ የጠረጴዛ ሰዓት ፈታቶ በእጁ የሠራው ማብሪያ ነው። ሚስቱ ይህን አሳምራ ታውቃለች። እያወቀችም ቀጭ ባለ ቁጥር ከስፌት መኪናዋ ቀና ትልና «ነቃህ?» ትላለች።

አርባ ዓመት የተማሪ ዩኒፎርም ስትሰፋ የኖረች ሴት ናት። ከሰፈሩ ጎልማሳ በልጅነቱ የሱሪውን ጉልበት እሷ ጋ ያላስጣፈ የለም። የልብስ መለኪያው ከአንገቷ ስለማይወርድ እትዬ ሜትር ይሏታል፤ ስሙ ለመዳ፣ በእውነተኛ ስሟ ከሚጠሯት ይልቅ እንዲህ የሚሏትን ቶሎ ትሰማለች።

ባሏ ዕድሜ ልኩን አጉሊ መነጽር ዓይኑ ላይ ሰክቶ ብሎን ሲፈልግ ኖሮ፣ ጡረታ በወጣ በሳምንቱ «ከእንግዲህ የማይቸኩል ነገር ማየት አማረኝ» ብሎ ይህን ገንዳ ተከለ። ጨው በጠበጠ፣ ድንጋይ ደረደረ፣ ሁለት ብርቱካናማ ዓሣዎች አስገባ። ሆስፒታል ከመግባቱ ሦስት ሳምንት በፊት ደግሞ አንድ ለስላሳ ኮራል ይዞ መጣ። ሲያዩት እንጉዳይ ነው፤ ግን ነፍስ ያለው እንስሳ ነው። ድንጋይ ላይ ተጣብቆ፣ አናቱ ላይ ያሉትን ስፍር ቁጥር የሌላቸው ቀጫጭን ጣቶች በውኃው ውስጥ ያወዛውዛል።

«ፀጉሩን ያላበጠረ ሰው አይመስልም?» አለና ጨብራሬ ብሎ ስም አወጣለት።

«አንተን ነው የሚመስለው፣ ፀጉር በነበረህ ጊዜ።»

አሁን ያ ጨብራሬ በፈላ ውኃ እንደታጠበ ሱፍ ተኮማትሯል። ጣቶቹን ወደ ውስጥ ሰብስቦ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ጭራሽ አልከፍት ካለ ከሳምንት በላይ ሆነው።

ሴትዮዋን እንቅልፍ የነሳት ግን እሱ ብቻ አልነበረም። ውኃው ይጎድላል። ገንዳውን ዙሪያውን በቀይ ክር አስራ ምልክት አድርጋለች፤ በየጠዋቱ ውኃው ከክሩ አንድ ጣት ወርዶ ይገኛል። ምንጣፉን ዳበሰች፣ ደረቅ ነው። ማዕዘኑን ሁሉ በጨርቅ ጠረገች፣ ጠብ ያለ ነገር የለም። በመለኪያዋ ለካች። አንድ ጣት። ለማንም አልተናገረችም፤ ማን እንደሚጠጣው ታውቃለቻ።

በመጨረሻው ቀን ውኃ ለምኗት ነበር። ወደ ቀዶ ጥገና ሊገባ ስለሆነ ምንም እንዳይቀምስ ተነግሯታል። ክዳን ያለው የቆርቆሮ ኩባያ ሙሉ ውኃ ይዛ ሄዳለች፤ አጠገቡ ተቀምጧል፣ ያየዋል።

«አንቺ ሴትዮ፣ ጉሮሮዬን ብቻ ላርጥብ።»

«ስትወጣ እሰጥሃለሁ። ሙሉውን።»

አልወጣም። ኩባያውን እንደሞላ ይዛው ተመለሰች፤ ክሮቿ ያሉበት መሳቢያ ውስጥ ከታ ቆለፈችበት።

ስለዚህ ገንዳው ሲጎድል ትሞላለች፤ ያውም ጨዉን በማንኪያ ሰፍራ፣ በጥብጣ፣ እሱ ጽፎ በተወላት ወረቀት መሠረት፣ ዝንፍ ሳትል።

ልጇ መጣችና ገንዳውን አይታ ፊቷን አጨማደደች። «እማ፣ ይሄ ነገር እኮ አልቆለታል። ቀኑን ሙሉ እሱ ላይ አፍጥጠሽ አንቺም አብረሽ ልታልቂ ነው። ዓሣዎቹን ለሻጩ እንመልስ፣ ገንዳውን ላንሳው።»

«አባትሽ በእጁ ተክሎ በሕይወት የቀረው እሱ ብቻ ነው።»

«እኔስ? እኔን ማን ተከለኝ?»

 ልጅቷ ወዲያው የተናገረችው ቆጫትና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እሺ፣ እስከ ወሩ መጨረሻ ይቆይ። ካልከፈተ ግን አነሳዋለሁ፤ ብታለቅሺም አነሳዋለሁ።»

በነጋታው እናት ከገንዳው በጠርሙስ ቀድታ ወደ ዓሣ ሻጩ ሄደች። ሻጩ ቀልደኛ ሰው ነው። ውኃውን ወደ ጨው መለኪያው ሲያፈስ ጠቋሚው ሽቅብ ወጣና ከቁጥሮቹ አለፈ።

«እማማ፣ ዓሣ እያረቡ ነው ወይስ በጨው ሊያደርቁ ነው?»

«ምን አጠፋሁ ልጄ? ኮራሉ አልከፍት ብሏል።»

«ሲጎድል ምን ይጨምራሉ?»

«ጨው የበጠበጥኩበትን። ባለቤቴ የጻፈው ነው።»

ወረቀቱን ተቀብሎ አነበበ። «ይሄ እኮ ውኃ ሲቀየር ነው። ስለሚጎድለው ምንም አላለም።»

«ምን ይላል? እሱ እያለ ጎድሎ አይቼ አላውቅም።»

«ማለዳ እርስዎ ሳይነሱ ይሞላው ነበራ!»

ሴትዮዋ ወረቀቱን ተቀብላ አጠፈችው። ሻጩ የገባት ስላልመሰለው ቀጠለ። «በላብ የራሰ ሸሚዝ ሲደርቅ ጀርባው ላይ ምን ይቀራል?»

«ነጭ ጨው ነዋ። እንደ ካርታ።»

«አየር የወሰደው ውኃውን ነው፤ ጨዉ እዚያው ቀረ። ገንዳዎም እንደዚያው ነው። በየቀኑ ጨው ላይ ጨው ሲጨምሩበት ይኸው ተቃጠለ።»

ስንት ሸሚዝ አጥባለች! ያንን ነጭ ካርታ በጣቷ ስትፍቅ አይደል የኖረችው። «ታዲያ ምን ልስጠው?»

«ንጹሕ ውኃ። የተጣራ፣ ጨው ያልነካው፣ የሚጠጣ ዓይነት። ከገንዳው በቀን አንድ ኩባያ ያውጡና በምትኩ ንጹሑን ይጨምሩ። የጎደለውንም በእሱ ይሙሉ። ቀስ እያሉ ግን! ባንዴ ከገለበጡበት ደንግጦ ይሞታል።»

«ጠምቶት ነው በለኛ።»

ሻጩ ሳቀ። «ይሁን፣ ጠምቶት ነው።» እሷ አልሳቀችም።

ቤት ገብታ መሳቢያውን ከፈተች። ኩባያው እዚያው ነው። ክዳኑን ስታነሳ ውኃው ከግማሽ በታች ወርዷል። ማንም አልነካውም፤ ያም ጎድሏል። ጠርዙን በጣቷ ዳበሰች፤ ጨው የለበትም፣ ምንም ምልክት አልተወም። የተረፈውን ደጅ አፈሰሰች። ኩባያውን አጥባ የተጣራ ውኃ ሞላችበትና ገንዳው አፍ ላይ አደረሰችው። ከዚያ በቀጭኑ፣ ጠብ ጠብ እያደረገች አፈሰሰች።

እንዲህ እያለች ሁለት ሳምንት ቆየች። ሻጩ ዘንድ ሲለካ የጨዉ ቁጥር ወርዷል፤ ጨብራሬ ግን እንደተኮማተረ ነው። ጭራሽ በወሩ መጨረሻ ጠዋት አመድማ ስስ ቆዳ ከላዩ ተገሽልጦ፣ እንደ ተቀደደ ገበር ተንጠልጥሎ አገኘችው። ልጅቷም በዚያው ቀን ከተፍ አለች።

«በቃ እማ። እየበሰበሰ እኮ ነው። አባዬ ቢኖር ራሱ ያወጣው ነበር።»

እናት መለኪያዋን እየጠቀለለች ቁጭ አለች።  ልጅቷ ጎንበስ ብላ የኤሌክትሪክ ገመዱን ልትነቅል እጇን ሰደደች።

ቀጭ!

እጇን እሳት እንደነካው ሰው ሰበሰበች። ሰማያዊው ብርሃን ፊቷ ላይ ፈሰሰ። «አባዬ?» አለች፤ ወዲያው የራሷ ድምፅ አስደነገጣት።

«ሦስት ሰዓት ሆኖ ነው» አለች እናቷ፣ ቀስ ብላ።

ያኔ የተገሸለጠው ቆዳ በውኃው እንቅስቃሴ ተነስቶ ሄደ። ከሥሩ ያለው አናት ንጹሕ ነበር። መሃሉ ላይ አንድ ጣት ወጣ፤ የልብስ ስፌት መርፌ ጫፍ ቢያክል ነው። ቀጥሎ ሌላ። ሁለቱም ሴቶች ሳይተነፍሱ መስታወቱ ላይ ተለጠፉ። አንድ ሰዓት ሙሉ እንደዚያ ሆነው አዩት፤ ጨብራሬ ፀጉሩን አንድ በአንድ ሲያወጣ።

ልጅቷ ዓይኗን ጠራርጋ ቀዩን ክር ነካች። «እማ፣ ውኃው ጎድሏል እኮ። ምን ወሰደው?»

«አየር ነው» አለች እናት። ሻጩ ያስረዳትን አልረሳችም። ኩባያውን ሞልታ ግን ለልጇ ሰጠቻት። «ቀስ አድርገሽ አፍስሺለት። ለረጅም ጊዜ ጠብቋል።»