አተላ የጠጣው ባዮጋዝ

ልጃችንን ስንድር ጠላውን ጎረቤት ተካፍሎ ጠመቀልን። ሠርጉ ሲያልፍ አተላው በየባልዲው ወደ እኛ ቤት መጣ፤ አተላ ላም ላለው ይሰጣል እንጂ አይደፋም። ሁለቱ ላሞቻችን ጠጥተው ጠጥተው ፊታቸውን አዞሩ። ሰው አክብሮ የሰጠውን እንዴት እንድፋው? «እበት የሚበላ ባዮጋዝ አተላ ይጠላል እንዴ?» ተባለና ባልዲው ሁሉ እዚያ ተገለበጠ። ባዮጋዙ ከበረቱ አጠገብ የተቀበረ ዝግ ጉድጓድ ነው፤ እበትና ውሃ በጥብጠን እንሰጠዋለን፣ እሱ በቱቦ ለምድጃችን የሚነድ ጋዝ ይልክልናል።

ከጥቂት ቀን በኋላ ባለቤቴ ክብሪት ጫረች። ምድጃው እስስ አለና ክብሪቱን አጠፋው። ደግማ ጫረች፤ ያው ነው።

«አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ነገር ሰክሯል!» አለችኝ።

ሳቅን። ሳቁ ግን አልቆየም። ዓይኗን ያከማት ሐኪም «ከጭስ ካልራቅሽ ዓይንሽን አልመልስልሽም» ብሏታል። በማግስቱ እንጨት አነደደች፤ ሲመሽ ዓይኗ ቀልቶ አበጠ። እኔ ልሥራው ብል «ሽሮውን ልታሳርር?» ብላ ገፋችኝ።

የወረዳዋን የባዮጋዝ ባለሙያ ጠራኋት። መጥታ ጎንበስ ብላ የጉድጓዱን አፍ አሸተተች።

«ኮምጥጧል፣ አባባ። ምን አበሉት?»

«አተላ።»

«ምን ያህል?»

«የሠርግ።»

ልጅቷ በሳቅ ፈረሰች። ከዚያ ቁጭ ብላ አስረዳችኝ። ጉድጓዱ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን አሉ። አንዳንዶቹ ምግቡን ወደ ኮምጣጣ ይለውጡታል፤ እነሱ ፈጣን ናቸው። ሌሎቹ ያንን ኮምጣጣ ይሰባብራሉ፤ እነዚህ ቀርፋፋ ናቸው። የሰበሩትን ደግሞ ወዲያው ተቀብሎ ጋዝ የሚያደርግ ሌላ ዘር ከጎናቸው ከሌለ ሥራቸው ይቆማል።

«ደቦ ነዋ!» አልኳት።

«ደቦ ነው። እናንተ ግን አጫጁን አበዛችሁት፤ ወቂው ነዶ ውስጥ ሰጠመ።»

መድኃኒቱ ምግብ መከልከል፣ ጥቂት ዐመድ መጨመር፣ ከጤነኛ ባዮጋዝ ደግሞ ጭቃ አምጥቶ መቀላቀል ነበር። እኔም ጀሪካኔን ይዤ ወለንጪቲ ባዮጋዝ ያለው ወዳጄ ዘንድ ሄድኩ። «አካም ጂርታ!» ብሎ በኦሮምኛ ሰላም እያለ ተቀበለኝ፤ እየሳቀም ሞላልኝ። ስመለስ የሚኒባሱ ረዳት አፍንጫውን ያዘ።

«ፋዘር፣ ምንድን ነው የጫኑት?»

«እርሾ ነው፣ ልጄ።»

«የዚህን እንጀራ ማን ሊበላው ነው?» አለች ከኋላዬ ያለች ሴት። እስከ አዳማ ድረስ ተሳቀብኝ፤ እኔም ሳቅሁ።

ጭቃውን ጨመርን፤ ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ባለቤቴ በእንጨት ማብሰሏን አልተወችም፤ ጠዋት ጠዋት ዓይኗን በሞቀ ውሃ እያራሰች ትከፍተዋለች። እኔ እየሄድኩ የጉድጓዱን አፍ አሸታለሁ። ጎምዛዛው ሽታ ቀስ እያለ ለቀቀ፤ ባለሙያዋ እንዳለችው እበቱን ጥቂት ጥቂት እያልን ጀመርን። ቀርፋፋ ሠራተኛ አይቸኮልበትም፤ እኔም ከነሱ ወገን ነኝ መሰለኝ።

አንድ ጠዋት ክብሪቱን ጫረች። አልጠፋም። ሰማያዊው ነበልባል ምድጃውን ዞሮ ያዘ። ድስት ትጥዳለች ብዬ ብጠብቅ ዱካዋን ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች፤ ፊቷን ወደ እሳቱ አስጠግታ፣ ዓይኗን ሳትጨፍን።

«ጋዙ እኮ በከንቱ እየነደደ ነው» አልኳት።

«ይንደድ» አለች። «ትንሽ ልየው።»