ዋናው የታለ?

ኦቦ ገለታ አምቦ ላይ የመሥሪያ ቤታችን መዝገብ ቤት ሠራተኛ ናቸው። ሰው ኮፒ ይዞ ሲመጣ "ዋናው የታለ?" ይላሉ። ሁለቱን ጎን ለጎን ዘርግተው መስመር በመስመር ካዩ በኋላ "ከዋናው ጋር ተመሳክሯል" የሚለውን ማህተም ያሳርፋሉ። ለዘመድ አያዳሉም። አጠገባቸው የምቀመጠውን እኔን እንኳ ዋናውን እንዳመጣ ቤቴ መልሰውኛል። በጣም ነው የበገንኩት።

ባለፈው ዓመት ልጃቸው ለንሳ በነርስነት ተመረቀች። እጃጂ ያለ አንድ ክሊኒክ ሠራተኛ ይፈልግ ነበርና ማስረጃ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት በኢሜይል ላኩ አለ። ኮሌጇ ደግሞ ማስረጃዋን በዲጂታል ፊርማ ፈርሞ ልኮላታል።

"ዋናው የታለ?" አሉ አባት፣ ቢሮ ስትመጣ።

"ይኸው ስልኬ ላይ፣ አባኮ።"

"ስልክ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ዋና የሆነው?"

በቢሯችን ኮምፒውተር ስንከፍተው ጭራሽ ቢጫ ምልክት መጣ፤ የፈራሚው ማንነት አልታወቀም ይላል። ኦቦ ገለታ ደነገጡ። ማህተም የለው፣ ፈራሚው አይታወቅ፣ ማን ሊቀበላት ነው? ፕሪንት አደረጉት፤ ማህተማቸውን አሳረፉበት፤ ስካን አድርገው ላኩት። ዋናውን በእጃቸው ሳይዙ ማህተም ሲመቱ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እኔም አሁን ገና ሰነድ መሰለ ብዬ አጨበጨብኩ።

መልሱ አልዘገየም። "ፊርማ አልተገኘበትም፤ አንቀበልም።" ለንሳ አለቀሰች።

የኮምፒውተር ባለሙያችን ሞቲ ተጠራ።

"ኦቦ ገለታ፣ ፊርማው ያለው ፋይሉ ውስጥ ነው" አለ። "ከተፈረመ በኋላ አንዲት ፊደል ብትነካ ይናገራል። ወረቀት ላይ ሲወጣ ግን ምስሉ እንጂ ፊርማው አይከተልም።"

"ቢጫውስ? ፈራሚውን አላውቅም እያለ?"

"ሐሰት ነው ማለቱ አይደለም። የእኛ ኮምፒውተር ለኮሌጁ ፊርማ ዋስ የሆነውን ድርጅት ስለማያውቅ ነው። እነሱ ጋ ይታወቅ ይሆናል። ማሎ፣ እባካችሁ፣ ፋይሉን እንደመጣ ላኩት!"

ለንሳ ከስልኳ ላከችው። አሥራ አንድ ሊሆን ሲል "ፊርማው ትክክል ነው፣ ሰነዱ አልተለወጠም፣ ሰኞ ነይ" የሚል መልስ መጣ። ሁላችንም ጮኽን።

ኦቦ ገለታ ብቻ ማህተም ያረፈበትን ወረቀት እንደያዙ ቀሩ። "እኔ ነኛ ያበላሸሁት? ይሄስ ምን ይሁን?"

ለንሳ ከእጃቸው ተቀብላ ደረቷ ላይ ለጠፈችው። "ለእኔ ዋናው ይሄ ነው፣ አባኮ።"

ኦቦ ገለታ ወደ ሞቲ ዞሩ። "ያኛው ነው አላልከኝም እንዴ?"