ፌንጣ ጾም ነው ፍስክ?

ደክሞኛል። ይህን የምለው አዛኝ ፍለጋ አይደለም። ሰው ሲጠይቀኝ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» እያልኩ ማለፍ ስለበዛብኝ አንድ ጊዜ እንኳ እውነቱን ልናገር ብዬ ነው። ጀርባዬ ደክሟል፣ ጉልበቴ ደክሟል፤ ከሁሉም በላይ ግን መለመን ደክሞኛል። እናቴን «እባክሽ ብዪልኝ» እያሉ መለመን።

ዓለም ባንክ ሰፈር፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ያለው ቤታችን ጓሮው ውስጥ አንዲት ሰርቪስ ክፍል አለችው። ድሮ ዶሮ አረባባት ነበር። የመኖው ዋጋ አልቀመስ ሲል ዶሮዎቹን ሸጥኩና ክፍሏ ባዶዋን ቀረች። ከዚያ አንድ የሴቶች ሥልጠና ላይ ፌንጣ ማርባት አስተማሩን። እኔ ለዶሮ መኖ መስሎኝ ነበር፤ አሠልጣኟ ግን «ለሰው ነው» አለች። «ሥጋ የማይደፈርበት ቤት ፕሮቲኑን ከዚህ ያገኛል። ሰፊ መሬት አይፈልግ፣ ብዙ ውሃ አይፈልግ፣ የሚበላውም ትንሽ ነው።» አዳራሹ በሳቅ አውካካ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት «በስመ አብ!» ብላ አማተበች። እኔ አልሳቅኩም፤ «የሚበላው ትንሽ ነው» የምትለዋን ስሰማ ልቤ እዚያው ቀርቶ ነበር።

ለእማዬ ነገርኳት። እማዬ ጎጃም ተወልዳ ኮልፌ ያረጀች ሴት ናት፤ አሁን ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው። «ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም!» አለች። «እኛ አንበጣ መጣ ሲሉን ቆርቆሮ እየደበደብን ከማሳ ስናባርር አደግን፤ አንቺ ደግሞ ቤት አስገብተሽ ልትቀልቢው?»

ቀለብኩት። ትልልቅ የፕላስቲክ ሳፋ ውስጥ ነው የሚኖሩት፤ ግድግዳው ልሙጥ ስለሆነ ወጥተው አያመልጡም። ከዶሮው ዘመን የተረፉኝን የእንቁላል ካርቶኖች አቆምኩላቸው፤ ጨለማ ስለሚወዱ እዚያ መሃል ይሸጎጣሉ። ምግባቸው ፉርሽካና ከአትክልት ገበያ የሚጣል የጎመን ቅጠል ነው። ውሃ በሳህን ቢሰጧቸው ገብተው ይሰምጣሉ፤ ስለዚህ ስፖንጅ አርሼ አስቀምጥላቸዋለሁ። ብርድ አይችሉም፣ የእኛ ሰፈር ብርድ ደግሞ የታወቀ ነው፤ አምፖል እያበራሁ አሞቃቸዋለሁ። መብራት ሲሄድ፣ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ፣ የፈላ ውሃ በጀሪካን እየሞላሁ በሳፋዎቹ መሃል አቆማለሁ። ሲያድጉ ወንዶቹ ክንፋቸውን እያፋተጉ ይጮኻሉ፤ እንግዳ የመጣ እንደሆነ «ምንድን ነው የሚጮኸው?» ሳይል አይወጣም።

ሲደርሱ ከመሰብሰቤ በፊት አንድ ቀን ምግብ እከለክላቸዋለሁ፤ ሆድ ዕቃቸው እንዲጸዳ ነው። ከዚያ ፍሪዘር ውስጥ አስገባቸዋለሁ፣ እንደተኙ ይቀራሉ። ይቀቀላሉ፣ ይደርቃሉ፣ ይፈጫሉ። እማዬ አንድ ቀን የክፍሉ በር ላይ ቆማ «ዛሬ ለምን አላበላሻቸውም?» አለችኝ።

«ነገ ስለምሰበስባቸው ነው።»

«ውይ! ጾመው ነው የሚሞቱት?» አለች። «ታድለው!»

የምትቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ።

ገዢው ነገር ላም አለኝ በሰማይ ሆነ። ያሠለጠኑን ሰዎች «ምርታችሁን እኛ እንረከባለን» ብለውን ነበር፤ ኋላ ፕሮጀክቱ አለቀ ተባለና ስልካቸውን የሚያነሳ ጠፋ። አየር ጤና ያለ አንድ ዶሮ አርቢ አልፎ አልፎ ይወስድልኛል። ለሰው ያልኩት ለዶሮ ሆነ ማለት ነው። እኔ ግን እበላዋለሁ። መጀመሪያ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ኋላ ዓይኔን ገልጬ። በጨውና በሚጥሚጣ አመስ ሲደረግ ከተቆላ ሱፍ አይለይም። ጎረቤቴ ሙስሊም ናት፤ አንድ ቀን በእፍኜ ባቀርብላት «በእኛ አንበጣ ይበላል፣ መታረድም አያስፈልገው» አለችኝ። «ፌንጣን ግን ሼኹን ሳልጠይቅ አልቀምስልሽም፣ እህቴ።» እስካሁን እየጠየቀች ነው።

ሁዳዴ ሊገባ ሲል የእማዬ እግር አበጠ። በጣቴ ስጫነው የተጫንኩበት ቦታ ጎድጉዶ ይቀራል። ጤና ጣቢያ ይዣት ሄድኩ። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ትሁት ልጅ፤ መርምሮ ሲጨርስ «እማማ፣ ልብዎም ኩላሊትዎም ደህና ነው። ሰውነትዎ ፕሮቲን አንሶት ነው» አላት። «እንቁላል፣ ወተት፣ ካገኙም ሥጋ ይብሉ።»

«ከፋሲካ በኋላ» አለችው።

«እስከዚያ ሩቅ ነው እኮ፣ እማማ።»

«ለእኔ ቅርብ ነው፣ ልጄ» አለችና ነጠላዋን አጣፋች።

ሽሮና ምስር የለም ወይ የሚለኝ ሰው አይጠፋም። አለ። እሷ ግን ከሰዓት በኋላ አንዴ ቀመስ አድርጋ «በቃኝ» የምትል ሴት ናት። ከምትቀምሳት ጥቂት ውስጥ ኃይል ያለው ነገር መግባት ነበረበት። እኔ ደግሞ ጓሮዬ ውስጥ ኃይሉን በሳፋ ሞልቼ ተቀምጫለሁ። ዓሣ ጾም ነው አይደለም እያለ አዲስ አበባ ሙሉ ይከራከር የለ? ታዲያ ፌንጣ ምን አጠፋ? ብዬ አሰብኩ። የነፍስ አባታችን ዘንድ ሄድኩ።

«አባ፣ ፌንጣ ጾም ነው ፍስክ?» አልኳቸው።

ጥያቄውን አስደገሙኝ። ደገምኩት። «መጥምቁ ዮሐንስስ በበረሃ አንበጣ በልቶ የለም እንዴ፣ አባ?» ብዬም ጨመርኩ።

«አንበጣ የተባለው ቅጠል ነው የሚሉ ሊቃውንት አሉ፣ ልጄ» አሉኝ። ትንሽ አሰቡና «እኔ ዛሬ የሚዘል ነገር ጾም ነው ብዬ ብናገር፣ ነገ በጉንም ይዘላል ብላችሁ ትመጡብኛላችሁ» አሉ። ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ ፊታቸውን ሰብሰብ አድርገው እንዲህ አሉኝ፦ «የታመመን ሰው ቤተ ክርስቲያን አታስጨንቅም። ፌንጣውም አያስፈልግ፣ እንቁላሉን ትብላ። አባ ፈትተውሻል ብለሽ ንገሪያት።»

እየበረርኩ መጥቼ ነገርኳት። እማዬ መቁጠሪያዋን እያንከባለለች አዳመጠችኝ። «እሳቸው ይፍቱኝ» አለች። «እኔ ራሴን አልፈታሁም። ከልጅነቴ የያዝኩትን በስተርጅና ልጣለው?» ለመንኳት። ተቆጣሁ። እንደገና ለመንኳት። በመጨረሻ «አንቺ ልጅ፣ ነገር አታብዢ» ብላኝ ወደ ግድግዳው ዞረች።

ታናሽ ወንድሜ አየር ጤና ላይ ታክሲ ይነዳል። እናቱን ይወዳል፤ ፍቅሩ ግን ችኩል ነው። «ምን ያስለምንሻል?» አለኝ። «ዱቄቱን ሽሮዋ ውስጥ ጨምሪው። በርበሬው ይሸፍነዋል፣ በምን ታውቃለች?»

«አላደርገውም» አልኩት።

«ስትሞት ትጸጸቻለሽ።»

«አንተ አፍህን ዝጋ!» አልኩት። ነገሩ ግን አንጀቴን በልቶኛል፤ ስንት ቀን ያንኑ ሳብሰለስል እንደዋልኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

አንድ ቀን ለዶሮ አርቢው ላደርስ ስወጣ እማዬን እንዲጠብቅልኝ ወንድሜን ጠራሁት። ስመለስ እማዬ ደጃፍ ላይ አጎንብሳ፣ አንድ እጇ ግድግዳው ላይ፣ ሌላኛው ጉሮሮዋ ውስጥ ነበር። ለማስመለስ እየታገለች ነው። ወንድሜ ከኋላዋ ቆሞ እንደ ሕፃን ያለቅሳል። ሽሮውን እሱ ሠርቶላት፣ ከእኔ ዕቃ ዱቄቱን ዘግኖ ጨምሮበት፣ እሷም ጣፍጧት ሳህኗን ጨርሳ ነበር። እዚያ ላይ ዝም ቢል ምን ነበረበት? ከደስታው ብዛት «እማዬ፣ በላሽው እኮ! ፌንጣውን በላሽው!» ብሎ ዘለለ። የምትስቅ መስሎት። ሲበሉት ምንም እንዳልሆነ አይታ ከዚያ በኋላ እሺ የምትል መስሎት።

«ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ» ነው ያለችው።

አባን ቤት ድረስ አመጣኋቸው። «ሳታውቂ የበላሽው ኃጢአት አይሆንብሽም፣ ንስሐም አያስፈልገው» አሏት። «እሺ፣ አባ» አለች። እሳቸው ሲወጡ ግን ስግደት ጀመረች፤ በዚያ ባበጠ እግር። ልይዛት ስል እጄን መታችው። ሕፃን ሆኜ እንኳ እናቴ መትታኝ አታውቅም። ጓሮ ገብቼ፣ ያ ሁሉ ፌንጣ እየጮኸ፣ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ።

ከዚያ በኋላ የተፈጨ ነገር አልበላም አለች። ሽሮ የለ፣ በሶ የለ፣ የተከካም የለ። የምትበላው በዓይኗ የምትለየውን ብቻ ሆነ፤ ድንች፣ ከዳቦ ቤት የመጣ ዳቦ፣ ንፍሮ። ጥርስ የላትም እንግዲህ፤ ሽምብራውን ቀቅዬ፣ አንድ በአንድ ልጬ፣ እያየችኝ በጣቴ እየደፈጠጥኩ አጎርሳታለሁ። ውሃ ስሰጣት እንኳ ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንስታ ታየዋለች። እንደ ባዕድ መታየት ከሁሉም ይብሳል። ጥፋቱ የእኔ አልነበረም፤ ዱቄቱ ግን የእኔ ነው፣ እሷ ደግሞ የምትፈራው ዱቄቱን ነው።

እንደምንም ፋሲካ ደረሰ። ዶሮውን አልቻለችውም፤ እንቁላሉን ግማሹን በላች። በሳምንቱ እኔ ደጅ ተቀምጬ ፌንጣ ሳምስ መጣችና አጠገቤ ቁጭ አለች። «እስቲ አምጪው» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ይሄንን ያጣላንን።»

ደንግጬ አየኋት። አንዱን አንስታ እግሩን ነቀለች፣ ድዷ ላይ አንከባለለችው። «ቆሎ ነው እንጂ!» አለች። «ፍስክ በሚበላበት ጊዜ ምን አለብኝ? እኔ መቼ ተጸየፍኩት?» ከዚያ ወዲህ ዱቄቱን ሾርባዋ ላይ እያየችኝ እበትንላታለሁ፣ «ጨምሪበት» ትለኛለች። በዓለ ሃምሳን ሙሉ እንዲህ ከረምን። እግሯ ጎደለ። ፊቷ ተመለሰ። ጎረቤቴ ድረስ በእግሯ ሄዳ ስትጫወት ውላ መጣች። ፌንጣ ማርባት ከጀመርኩ አንድም ሰው በደንብ ሲበላልኝ አላየሁም ነበር፤ እናቴን ሳይ ድካሜ ሁሉ የተከፈለኝ መሰለኝ።

ከዚያ የሰኔ ጾም ገባ።

«እማዬ፣ ይሄንንስ እለፊው። ቄስ እንጂ ሁሉም አይጾመውም ይባል የለ?» አልኳት።

«እነሱ ይበሉ» አለች።

ክረምቱም ገባ። ሽምብራዋን መላጥ ጀመርኩ። እግሯ ቀስ በቀስ ማበጥ ጀመረ፤ ጣቴን ስጫነው ጉድጓዱ ይቀራል። ወንድሜ አሁን ቤት ለመግባት ያፍራል፣ በስልክ ነው የሚጠይቀኝ። እሱም እንደ በፊቱ አይመክርም። «እየከሳች ነው?» ይለኛል። «አዎ» እለዋለሁ።

ትናንት ዝናቡ አላባራ ብሎ ስንቀዘቅዝ ዋልን። እማዬ ብርድ ልብሷን እስከ አገጯ ስባ «ሽሮ አማረኝ» አለችኝ።

የሰማሁትን አላመንኩም። ከሁዳዴ ወዲህ በጾም ሽሮ የሚል ቃል ካፏ ወጥቶ አያውቅም። «እኔ የሠራሁትን ትበያለሽ?» አልኳት።

«ታዲያ ማን ሊሠራልኝ ነው?» አለች። «ከትከት አድርገሽ ሥሪልኝ። ፈሰስ ያለች።»

ወጥ ቤት ገባሁ። ሽንኩርቱን አቁላላሁ፣ ሽሮውን በተንኩ፣ መንተክተክ ጀመረ። የዱቄቱ ዕቃ እጄ በሚደርስበት ነው። እሷ አልተነሳችም፣ ልታይ አልመጣችም፣ በሩም ክፍት ነው። አንድ ማንኪያ ነበር የሚፈልገው። በዓለ ሃምሳን ያቆማት እሱ እንደነበር በዓይኔ አይቻለሁ፤ ሳይንስ መጠየቅ አያስፈልገኝም። ዕቃውን አወረድኩት። ክዳኑንም ከፈትኩት። ማሽተቱንም አሸተትኩት። ከፈለግሁ በእኔ እጅ ነው የምትድነው፣ በእኔ እጅ ነው የምትታለለው። ወጡ ምድጃው ላይ ሊያርርብኝ እስኪል ድረስ ቆሜ ቀረሁ። «እግዚኦ አንተው ታውቃለህ» አልኩና ዕቃውን መልሼ ከደንኩት።

ሽሮውን አቀረብኩላት። ቀና ብላ ተቀመጠች፣ አማተበች። ምን እንዳለበት አልጠየቀችኝም፣ ወደ ብርሃኑም አላዘነበለችውም። በዚያች በቀጠነች እጇ አንድ ጉርሻ ጠቅልላ መጀመሪያ ወደ እኔ ዘረጋችው።

«ብዪ» አለችኝ። «አንቺም ከስተሻል።»

አፌን ከፈትኩ። ሽሮ ብቻ ነበር።