የትንሿ ጉና ውሃ

ኮረብታዋን «ትንሿ ጉና» ያልናት እኛ ነን። በካርታ ላይ ቁጥር እንጂ ስም አልነበራትም። አብዛኞቻችን ከደብረ ታቦር፣ ከእብናትና ከሐሙሲት አካባቢ የመጣን ስለነበርን፣ ከፍ ያለ ነገር ባየን ቁጥር ጉና ተራራ ትዝ ይለን ነበር። እርግጥ ጉና ላይ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ እዚህ ግን ከቀትር በኋላ ድንጋዩ ላይ መቀመጥ አይቻልም። ስም ማውጣት አይከለከልም ብለን አወጣንላት። ፊት ለፊታችን፣ ከሸለቆው ማዶ፣ የኤርትራ ጦር ምሽግ ነበር።

የምነግራችሁ ስለዚያ የድንበር ጦርነት ነው። እናንተ ልጆች ስትጠይቁኝ ሁልጊዜ «ስንት ገደልክ?» ነው የምትሉት። አላውቅም። ከምሽግ ሆኖ መትረየስ የሚተኩስ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው አቧራ ነው። እኔ የማውቀው ደምሴን ነው፤ ስለ እሱ ከጠየቃችሁኝ እስኪመሽ አወራለሁ።

ደምሴ የጋንታችን መትረየስ ተኳሽ ነበር፤ እኔ ደግሞ ረዳቱ። ከጉና ግርጌ የመጣ ገብስ አራሽ ነው። በዕድሜ ስለሚበልጠኝ «አያ ደምሴ» ነበር የምለው። መትረየሱን ሲወለውል ያናግረዋል። «አደራሽን፣ ዛሬ እንዳታሳፍሪኝ» ይለዋል። ሚስትህን እንኳ እንዲህ አታባብላትም ስንለው፣ «ሚስቴማ መች ከሽፋብኝ ታውቃለች!» ብሎ ያስቀን ነበር። በዚያ ሁሉ ጭቃና ትኋን መሀል ሰው የሚያስቅ ጓደኛ ማግኘት ምን ያህል ነገር እንደሆነ ያላየ አያውቀውም።

በክረምቱ ተኩሱ ጋብ አለ። ሁለቱም ወገን ምሽጉ ውስጥ የገባውን ውሃ ሲቀዳ ይውላል። በዚህ መሀል የደብረ ታቦር በዓል፣ ቡሄ ደረሰ። እኛ አገር በቡሄ ጅራፍ ይጮኻል። ሽማግሌው ሳይቀር ገምዶ ያጮኻል። ደምሴ ከጭነት ማሰሪያ ገመድ እየፈታ ሲገምድ ሰንብቷል። እኔ ውሃ ለሚያመላልሱልን አህዮች ጭነት መስሎኝ አልጠየቅኩትም። የበዓሉ ዕለት ጧት፣ ጉሙ ገና ሳይገልጥ፣ ከምሽጉ ኋላ ወጣና ጅራፉን ባለ በሌለ ኃይሉ አጮኸው።

ጅራፍ ሲጮኽ ድምፁ ከጠመንጃ አይለይም። ከግራችን ያለችው ጋንታ ተኮሰች። የቀኞቹም ተከተሉ። ማዶ ያሉት ጥቃት መስሏቸው መለሱ፤ ሞርታርም ጨመሩበት። እኛም ተኮስን። በማን ላይ እንደምንተኩስ ግን ማናችንም አናውቅም። ጉሙ ሲገልጥ ከሁላችንም የተጎዳ ሰው አልነበረም። የተመታው ወጥ ቤታችን ነው። ለበዓሉ ሙልሙል ይሆናል ተብሎ የተቦካው ሊጥ በርሜሉ ተበሳስቶ ጭቃው ላይ ፈስሷል።

የጋንታችን መሪ መቶ አለቃ ገመቹ የወለጋ ሰው ነው። ቁጣው ቶሎ አይመጣም፤ ከመጣ ግን ቶሎ አይሄድም።

«መጀመሪያ የተኮሰው ማነው?» አለ።

ደምሴ ጅራፉን እንደያዘ ከፊቱ ቆመ። «እኔ ነኝ፣ መቶ አለቃ። ግን አልተኮስኩም፤ አጮኽኩ እንጂ።»

«ምኑን?»

«ጅራፍ ነዋ! ዛሬ ቡሄ አይደለም? በታቦር በዓል ጅራፍ ሳላጮኽ ብውል አንቱስ ምን ይሉኛል?»

አንዳንዶቻችን ሳቃችንን መያዝ አቅቶን ፊታችንን ወደ ምሽጉ ግድግዳ አዞርን። መቶ አለቃው አልሳቀም። «መትረየሱን ለረዳትህ አስረክብ። ከዛሬ ጀምሮ ከአህዮቹ ጋር ነህ። እዚያ እንደልብህ ታጮኻለህ» አለው።

ውሃና ጥይት ከኮረብታዋ ጀርባ ካለው ወንዝ ድረስ በአህያ ነበር የሚወጣልን። ደምሴ ወደዚያ ወረደ። ለእሱ ከእስር የከፋ ቅጣት ነበር። «እናንተ ስትዋጉ እኔ ከአህያ ጭራ ስር! አገር ቤት ምን ብዬ ነው የማወራው?» ይለኛል ውሃ ይዞ በመጣ ቁጥር። መቶ አለቃውን ባገኘው አጋጣሚ ሁሉ መትረየሱ እንዲመለስለት ይለምነዋል። መልሱ ሁልጊዜ «ገና ነው» ነው። እኔም ጸሎቴ ያው ነበር። ደምሴ ከጎኔ ከሌለ መትረየሱ ይከብደኛል፤ ፈርቼ ነበር፣ ምን እደብቃለሁ።

ይሁን እንጂ ሰውየው አህዮቹንም ማናገር ጀመረ። ስም አወጣላቸው። መሪውን «ዳኛ» አለው፤ ሳያስብ እግሩን አያነሳምና። በጅራፍ አይመታቸውም ነበር፤ በአየር ላይ ብቻ ሲያጮኸው አቀበቱን ይያያዙታል። በጋው እስኪገባ ድረስ ያን ድምፅ ስንሰማ ውሃ እንደመጣ እናውቅ ነበር።

ከዚያ ያ ቀን መጣ። ጎህ ሲቀድ መድፍ ጀመረ። ፀሐይ ስትወጣ እግረኛው መጣ። መለስነው። እንደገና መጣ። አሁንም መለስነው። ረፋዱ ላይ ግራችን ያለችው ጋንታ ቦታዋን ለቀቀች። እኛ «ባላችሁበት ቆዩ» ተባልን። ቆየን። ቀትር ላይ ኮዳችን ደረቀ። የመትረየሱ አፈሙዝ ጋለ። ቁስለኞቻችን ሕመሙን ትተው «ውሃ! ውሃ!» እያሉ ነበር የሚጣሩት። ከወንዙ የሚመጣውን መንገድ ሞርታር ያርሰዋል። በሬዲዮ ውሃ ስንጠይቅ «መንገዱ አያሳልፍም» አሉን።

ጅራፉን የሰማነው ያኔ ነው። መጀመሪያ ጆሮዬን አላመንኩም። ቀጥሎ የዳኛ ራስ ከድንጋዩ በላይ ብቅ አለ። ኋላው ደምሴ፣ ፊቱ ሁሉ አቧራ ሆኖ። ጀሪካኖቹን አወረድን። ቁስለኞቹን አጠጣን። እኛም ጠጣን። በሚመለሱት አህዮች ላይ መራመድ ያቃታቸውን ቁስለኞች ጭኖ ወረደ። ደግሞ መጣ። ደግሞ ወረደ።

እንደገና ሲመጣ እኔ ክንዴን በፍንጣሪ ተመትቼ ነበር። መቶ አለቃ ገመቹ እየተሳበ መጣና፣ «ደምሴ! ወደ መትረየስህ ተመለስ!» አለው።

ስንት ወር የለመነው ነገር ነው። ደምሴ መትረየሱን አየው። እኔን አየኝ። ከዚያ ዞሮ ባዶ ጀሪካኖቹን አየ።

«መቶ አለቃ፣ በአንድ ክንዱም ቢሆን እሱ ይተኩስ» አለ። «እነዚህ አህዮች ከእኔ ሌላ ለማን ይወጣሉ? ውሃ ከሌለ መትረየሱስ ምን ይሠራል?»

መቶ አለቃው አልተቆጣም። «እሺ፣ ውረድ» አለው ዝግ ባለ ድምፅ።

ደምሴ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። «አይዞህ ወንድሜ፣ አታሳፍርህም» አለኝ። መትረየሱን ማለቱ ነው። ወረደ።

ቆየን። ከታች ከባድ ፍንዳታ ሰማን። ትንሽ ቆይቶ ጅራፉ አንድ ጊዜ ጮኸ። አህዮቹም መጡ። ዳኛ ከፊት ነው። ውሃ ተጭነዋል፤ ኋላቸው ግን ሰው የለም። ጀሪካኖቹን ያወረድነው እርስ በርስ ሳንተያይ ነው። በዚያ ውሃ እስከ ማምሻው ተዋጋን። ኮረብታዋን አልለቀቅንም።

ወንዙ ዳር የነበረው የሕክምና ባልደረባ በኋላ እንደነገረን፣ ደምሴ የተመታው ጭኖ ከጨረሰ በኋላ ነው። አህዮቹ በፍንዳታው ደንብረው ቆመው ነበር። በወደቀበት ሆኖ ጅራፉን አጮኸላቸው፤ አቀበቱን ሲይዙ አየና ራሱን መሬት ላይ አስደገፈ።

ጀምበር ስትጠልቅ የሞቱብንን ሰበሰብን። ከጋንታችን ሰባት ነበሩ። በኋላ ጎን፣ ከኮረብታዋ ግርጌ ቀበርናቸው። ዲያቆን የነበረ አንድ ጓዳችን የሚያውቀውን ያህል ጸለየ። መቶ አለቃ ገመቹ ባርኔጣውን አውልቆ የእያንዳንዱን ስምና ምድብ ጠራ። ደምሴ ላይ ሲደርስ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ደምሴ፣ መትረየስ ተኳሽ!» አለ። የጓጓለትን ምድብ ሊመልስለት ፈልጎ ነው። ደግ ሰው ነበር።

እኔ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። «ይቅርታ፣ መቶ አለቃ። ምድቡን እሱ ራሱ መርጧል» አልኩት።

ወደ እኔ ዞረ። ዓይኑ እንባ አቅሮ ነበር። ከዚያ እንደገና ጠራው። «ደምሴ፣ ውሃ አመላላሽ» አለ።

እነሆ አሁን እናንተ ከመትረየሱ ወሬ ትጀምራላችሁ። መትረየሱንም ተኩሻለሁ፣ አልክድም። ነገር ግን ከትንሿ ጉና የተረፍነው ሁሉ የተረፍነው ያን ቀን ውሃ ስለጠጣን ነው።