ነብሩ የወሰደው የጋቢዬ እኩሌታ

ልጆች፣ ወደ እሳቱ ጠጋ በሉ፤ ስልካችሁንም ኪሳችሁ አግቡት። እዚህ ውርጭ በር ሥር ኔትወርክ ማለት እንደ ነብር ነው፤ አለ ይባላል እንጂ ያየው የለም። ነገ ከእንግዶቻችን ጋር በሩን፣ ይህን የተራራ ማለፊያ፣ ትሻገራላችሁ። አስጎብኚ ልትሆኑ ካሰባችሁ ይህን በር በክረምትም በበጋም ልታውቁት ይገባል፤ እኔ ሁለቱንም ያወቅሁት ሚስት ላገባ ብዬ ነው።

ያኔ ጢሜ ገና ማቆጥቆጡ ነበር። የእኛ ቤት ከብልባላ በላይ፣ ከበሩ ወዲህ ነው፤ እጮኛዬ ጥሩዬ ደግሞ ከበሩ ወዲያ ማዶ። ሽማግሌ ተልኮ፣ እሺ ተብሎ፣ ሠርጉ ለጥር ተቆርጧል። ጥሩዬ በገዛ እጇ የፈተለችው ጋቢ፣ ሰማያዊ ጥለት ገብቶበት፣ ተልኮልኛል። እናቴ «ለሠርግህ ነው፤ እንዳትነካው!» ብላ ሣጥን ውስጥ ቆልፋበታለች። ነገሩ ሁሉ እንዲህ ሰምሮ ሳለ በሐምሌ ውርጭ በር ላይ ነብር ገባ።

መጀመሪያ የፈጀው የአያ ሰይድን በጎች ነው። አያ ሰይድ ከደጋው በግ እየገዙ ወደ ጋሸና የሚነዱ ነጋዴ፣ የአባቴ ወዳጅ ነበሩ። ቀጥሎ የአንዲት መበለት ውርንጭላ ወሰደ። ከዚያ ወዲያ በሩን የሚሻገር ሰው ጠፋ። የጥሩዬ አባት አባ ይመርም መልእክት ሰደዱብን፤ «እኔ ልጄን የሰጠሁት ለሰው ነው፣ ለነብር አይደለም። የነብሩን ቆዳ አሳዩኝና ውሰዷት። ካልሆነ ከቆላ ሌላ ጠያቂ አላት።»

ይህን የሰማሁ ዕለት እህል አልበላ አለኝ። ዛሬ ነብር መግደል በሕግ ክልክል ነው፤ መከልከሉም ደግ ነው። ያኔ ግን ለእኔ ሕጉ ጥሩዬ ነበረች።

በዚያው ክረምት ከሚዜዬ ከእሸቱ ጋር ወጣን። እሸቱን ታውቁታላችሁ፤ አሁንም በየሠርጉ የሚፎክረው እሱ ነው። ቁመቱ አጭር፣ ድምፁ ግን ገደል የሚያስተጋባ። በክረምት በሩ ላይ ጭቃው ሁሉን ነገር ይናገራል። የነብሩ ዱካ ክብ፣ ሰፊ፣ ጥፍር የማይታይበት ሆኖ ቁልጭ ብሎ ታትሟል፤ ጅብ ቢሆን ጥፍሩ ይታይ ነበር። ግን ጭጋጉ! እጄን ዘርግቼ ጣቶቼን አላይም። በረዶው ራሳችንን እየቀጠቀጠን ስንዳክር፣ የራሳችን ኮቴ ላይ የእሱ ዱካ ተደርቦ አገኘነው። ለካስ እኛ ስንከተለው እሱ ዞሮ ይከተለናል! እሸቱ የዚያን ዕለት ብቻ ነው ሳይፎክር የዋለው። እጅ ለእጅ ተያይዘን ቁልቁል ወረድን።

ታኅሣሥ ሲገባ ግን አማራጭ አልነበረም። አያ ሰይድ ምንሽር ጠመንጃቸውን ወልውለው መጡና «አብሽር ልጄ፣ በበጋ ነብርም የሚሸሸግበት ጭጋግ የለውም» አሉኝ። ሁለት ጥይት ነበራቸው። «አንዷ ለነብሩ ናት፣ አንዷ ለክፉ ቀን» ብለው አስጠነቀቁን። ስንቃችን ቆሎና በሶ ነበር፤ እኛ የገና ጾም ይዘናል፣ ባንይዝም እሳቸው ያረዱትን እኛ አንበላም፣ እኛ ያረድነውን እሳቸው አይበሉም፤ በበሶ ላይ ግን ሁላችንም እንስማማለን። ብርዱ አጥንት ሲሰብር፣ የእናቴን ቁልፍ ሰርቄ ያንን ጋቢ ለበስኩት። «የሙሽራ ጋቢ ለብሶ ነብር አደን! ነብሩ ሠርግ የተጠራ እንዳይመስለው» ብሎ እሸቱ ሳቀብኝ።

በበጋ የበሩ ነገር ይገለበጣል። ሰማዩ ጥርት ብሎ እስከ ሩቅ ተራራ ድረስ ይታያል፤ መሬቱ ግን እንደ ብረት ደርቆ ዱካ አይዝም። አንድ ብልሃት ብቻ አለ። ጠዋት ጓሳ ሣሩ ላይ ነጭ ውርጭ ይጋገራል፤ እዚያ ላይ የረገጠ ሁሉ ጥቁር ምልክት ትቶ ያልፋል። ፀሐይ ስትነካው ግን ውርጩም ዱካውም አብረው ይጠፋሉ። ስለዚህ ከፀሐይ ጋር እሽቅድምድም ነው። ጎሕ ሲቀድ ደረስን፤ ዱካው በጅብራ ዛፎቹ መሐል ቀጥ ብሎ ወደ አፋፉ ይሄዳል። ጎንበስ ብለን፣ ትንፋሻችንን በጋቢያችን አፍነን ተከተልን።

ነብሩ አፋፉ ላይ፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተጋድሞ ፀሐይ ይጠብቃል። እንዴት ያምር ነበር! ጠጉሩ ላይ ውርጭ አርፎበት፣ ጭራውን ቀስ እያለ ያወዛውዛል። አያ ሰይድ መሣሪያውን አቀበሉኝና «ሙሽራው ይተኩስ» አሉ በሹክሹክታ። ቃታውን ሳብኩ። ገደሉ አስተጋባ፤ ነብሩ ከድንጋዩ ተንከባለለና ቀጥ አለ።

እንግዲህ ልጆች፣ የኛ አገር ሰው ደስታ ሲይዘው ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ። እኔ መሬት ስሜ ስነሳ፣ እሸቱ መሣሪያውን ከእጄ መንጭቆ መዝለል ጀምሯል፤

«ዘራፍ! የጭጋጉ አሽከር፣
ነብር አጋዳሚ እላይ ውርጭ በር!»

እኔም ጋቢዬን እያራገብኩ «ገዳይ! ገዳይ!» እላለሁ። አያ ሰይድ «ኧረ በአላህ ረጋ በሉ! ሄዳችሁ ንኩት መጀመሪያ!» እያሉ ይጮሃሉ፤ ማን ሊሰማቸው! እሸቱ ፉከራው ጫፍ ሲደርስ አፈሙዙን ወደ ሰማይ አቅንቶ ያችን የክፉ ቀን ጥይት ለቀቃት። ተኩሱ ሳያባራ ክፉው ቀን ደረሰ። ነብሩ ከእንቅልፉ እንደ ነቃ ሰው ራሱን አራገፈና ተነሣ።

ለካስ ጥይቴ ጆሮውን ብቻ ቀድዳ አደንዝዛው ኖሯል። እሱ አየን፤ እኛም አየነው። እሸቱ ባዶ መሣሪያ እንዳነሣ ደርቆ ቀረ። «አትሩጡ! የሮጠ ሞተ!» አሉ አያ ሰይድ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያልሮጥኩት በምክራቸው አይደለም፤ እግሬ አልታዘዝ ስላለኝ ነው። በዚያች ቅጽበት በዓይኔ የመጣችው ጥሩዬ ናት፤ አንዴ ምንጭ ስትቀዳ ከሩቅ አይቻት ነበር፣ ያንኑ ነው ያየሁት።

በአንድ ዝላይ መጣብኝ። ጋቢውን እንደ ጋሻ ወደ ፊቱ ወረወርኩት፤ ጥፍሩ ትከሻዬን ጨርፎ ጋቢው ላይ ተተከለ። ተያይዘን ወደቅን፤ ጓሳው በውርጭ አሟልጮ ሁለታችንንም ወደ ገደሉ ነዳን። በግራ እጄ ደርሼ አንድ የጅብራ ግንድ አቀፍኩ፤ በቀኜ ግን ጋቢውን አለቅም አልኩ። ለምን እንዳልለቀቅሁት ዛሬም አላውቅም። እሱ ከታች ይጎትታል፣ እኔ ከላይ እጎትታለሁ፤ ትንፋሹ ፊቴ ላይ ይሞቃል። ጋቢ መቼም ሁለት ቁራጭ ጎን ለጎን ተገጥሞ የሚሰፋ ነው። የጥሩዬ ፈትል አልተበጠሰም፤ የልብስ ሰፊው ስፌት ነው ጠርር ብሎ የተተረተረው። እኩሌታው እኔ ጋ ቀረ፤ በእኩሌታው የተጠቀለለው ነብር ቁልቁል ተንሸራቶ፣ ተነሥቶ፣ ሰማያዊ ጥለቱን እየጎተተ በማዶው በኩል ገሠገሠ።

ከዚያ አያ ሰይድ ሳቅ ጀመሩ፤ እሸቱም፣ እኔም ደሜ እየፈሰሰ ሳቅን። ሳቁ ሲበርድ አያ ሰይድ ትከሻዬን በጥምጥማቸው አሰሩልኝና «የቆሰለ አውሬ ወደ ሰው ቀዬ ሰደድን። ወርደን መንገር አለብን» አሉ። የማዶው ቀዬ ደግሞ የጥሩዬ ቀዬ ነው። ያለ ቆዳ፣ በእኩሌታ ጋቢ፣ አማቼ ፊት ልቀርብ ነው። ከነብሩ ይልቅ ያ ከበደኝ።

ነብሩ ሸምቆ እንዳይጠብቀን እየፈራን ቀስ ብለን ስንወርድ፣ ከአባ ይመር ግቢ ዋይታ ሰማን። ሰው ደጅ ሞልቷል፤ ሴቶች ደረት ይደቃሉ። «ማን ሞቶ ነው?» ብለን አንዲት አሮጊት ብንጠይቅ «የጥሩዬ እጮኛ ነዋ! ነብር በላው» አሉን። ጓሳ አጫጆች ሁለት ተኩስ ሰምተው፣ ቀጥሎ በደም የራሰውን ጋቢ አስታ ቁጥቋጦ ላይ ተንጠልጥሎ አግኝተው ለአባ ይመር አምጥተዋል። ጥሩዬም የገዛ ፈትሏን አውቃዋለች።

ለራሴ ለቅሶ ደረስኩ ማለት ነው። «ደህና ዋላችሁ?» አልኩ። ዋይታው ቀጥ አለ። እጮኛ ከሠርጓ በፊት ለሙሽራው ፊቷን አታሳይም፤ ጥሩዬ ግን ያንን እኩሌታ እንዳቀፈች ሰውን ሰንጥቃ መጣች፣ በጡጫ ደረቴን መታችኝ፣ ከዚያ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። አባ ይመር ዓይናቸውን በኩታቸው እየጠረጉ ቀረቡ።

«ነብሩስ ሞተ?»

«አልሞተም አባ። ሸሸ።»

«ቆዳውስ?»

«እሱው ለብሶት ሄደ።»

መጀመሪያ ከንፈራቸው ተንቀጠቀጠ፣ ኋላ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «አንዴ ቀብሬሃለሁ፤ ሁለተኛ አልቀብርህም። በጥር ናና ውሰዳት» አሉኝ። ለለቅሶ የመጣው ሰው እልልታውን አቀለጠው። ነብሩ ከዚያ ወዲያ በበሩ አልታየም፤ ጥር ላይ ጥሩዬ በበቅሎ ተሻገረች። ሁለቱን እኩሌታ ራሷ ገጥማ ሰፍታው ነበር።

«ሳይገድሉ ጎፈሬ፣ ሳያጣሩ ወሬ» ይባል የለ? በአንድ ጠዋት ጎፈሬውን እኛ አበጠርን፣ ወሬውን እነሱ አወሩ። ከዚያ ወዲህ ደስታዬን በመጀመሪያ ነክቼ አረጋግጣለሁ፣ ከዚያ በኋላ ግን አልሰስትም። በየክረምቱና በየበጋው በሩን የምሻገረው በዚሁ ጋቢ ነው፤ ስፌቱ ይኸው፣ ዳስሱት።

ባለፈው ታኅሣሥ እንግዶች ይዤ ስሻገር ውርጩ ላይ ክብ፣ ጥፍር የሌለው ዱካ አየሁ። ያኛው ሊሆን አይችልም፤ የልጅ ልጁ ይሆናል። ልቤ በደስታ ዘለለ፤ ግን አልፎከርኩም፣ ፀሐይ እስክታጠፋው ድረስ ዝም ብዬ አየሁት። ቤት ገብቼ ለጥሩዬ ስነግራት ቀና እንኳ ሳትል «ጋቢውን ለብሰህ ነበር?» አለችኝ።

«አዎ።»

«ታዲያ ምን ይገርምሃል? የአያቱን ድርሻ ሊጠይቅህ መጥቶ ነዋ!»