ያልተነሳው እጅ

አባቴ በስትሮክ ቀኝ ጎናቸው ሽባ ሲሆን ከአረብ አገር ጠቅልዬ ወሎ፣ የትውልድ ከተማዬ መካነ ሰላም ገባሁ። ደሴ ሆስፒታል ያየቻቸው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ፣ «እጃቸው እምቢ ቢልም ሲያነሱት ያስቡ፤ አእምሮ ሲያስበው ጡንቻውም በመጠኑ ይሰማዋል» አለችኝ። እኔም ብርጭቆ ሲያነሱ እንዲያስቡ ነገርኳቸው።

ጠዋት ጠዋት ዓይናቸውን ሲጨፍኑ ክንዳቸውን ይዤ እጠብቃለሁ። ትዕግሥት አልፈጠረብኝም። ሦስት ወር ሙሉ ጣታቸው ንቅንቅ ባይል አንድ ቀን ጮህኩባቸው፦

«አባ፣ እውነት ብርጭቆውን እያሰቡ ነው ወይስ እንቅልፍ ይዞዎት ነው?»

«ብርጭቆ አስቤም አላውቅ» አሉኝ በተኮላተፈ አንደበት። «ዱዓ ሳደርግልሽ ነው የማስበው።»

እኛ ዘንድ ልጅ ሩቅ መንገድ ሲወጣ አባት እጁን ዘርግቶ ዱዓ ሳያደርግለት አይሸኝም። እኔ አረብ አገር የሄድኩ ቀን ግን አባቴ መሄዴን ስላልወደዱ፣ መኪናው እስኪነሳ ብለምናቸው እጃቸውን ከጋቢያቸው ሳያወጡ ቀሩ።

«ያን ቀን የነፈግሁሽን እጅ በየቀኑ አነሳዋለሁ» አሉ።

እንደገና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከመዳፌ ስር የክንዳቸው ጡንቻ በስሱ ሲወጠር ተሰማኝ። እጃቸው ግን ከብርድ ልብሱ ላይ አልተነሳም።

«አሚን» አልኩ።