ባሌ የለቀቀው እጅ

ባሌና ባልንጀራው በቴሌቪዥን ከኳስ ሌላ አንድ የማያመልጣቸው ነገር ነበር። በብርዱ ወራት፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ የበረዶ ላይ ሸርተቴ ውድድር ሲተላለፍ ፍራንክፈርት ዳር፣ ፌኸንሃይም በሚባለው ሠፈር ባለችው ጠባብ ቤታችን ሶፋው ላይ ጎን ለጎን ይሰየማሉ። ጥንዶቹ ሲወጡ በአክብሮት ነው የሚያዩት። ወንዱ ሴቲቱን ባንድ እጁ ወደ ላይ ሲያነሳት "ጉልበት ማለት ይሄ ነው" ይባባላሉ። ወንዶቹ ለየብቻቸው የሚወዳደሩበት ተራ ሲደርስ ግን ሳሎናችን ጠጅ ቤት ይሆናል።

"ሸሚዙን እይልኝ! እኔ ለሠርጌ እንኳ እንዲህ አላብለጨለጭኩም።"

"ወገቡንስ? እናቱ ይሄን እያየች ዝም ትላለች?"

"ሴታሴት ነው እኮ! ምኑን ወንድ አሉት!"

እኔ ጥግ ካለችው ጠረጴዛ ላይ የማታ ትምህርት ቤት የቤት ሥራዬን እሠራለሁ። ትምህርት የጀመርኩት እኩዮቼ ልጆቻቸውን በሚያስተምሩበት ዕድሜ ነው። ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ሳላጣራ ማለፍ አይሆንልኝም። ስለ ሸርተቴውም ከሠፈሩ ቤተ መጻሕፍት ሥዕል የበዛበት መጽሐፍ ተውሼ አንብቤ ነበር። አንዳንዴ ቀና እልና "ይሄኛው ዝላይ አክሰል ይባላል። ሌሎቹን ወደ ኋላ እየሄዱ ነው የሚነሡት፤ ይሄን ግን ፊት ለፊት ነው። ከባድ ነው" እላለሁ።

"እሺ ፕሮፌሰር" ይለኛል ባሌ።

ከዚያ ያ ሲሳቅበት የቆየው ልጅ ለመዝለል ይንደረደራል። ሁለቱም ወሬያቸውን ያቆማሉ፣ ከሶፋው ብድግ እንደማለት ይላሉ። ልጁ ይነሣል፣ ይሽከረከራል፣ ሲያርፍ እግሩ ይከዳውና ዘጭ ይላል። ያኔ ሁለቱ ጎልማሶች ባንድ አፍ፦

"እኔን!"

ሕፃን ሲደናቀፍ እናት እንደምትለው፣ ከአንጀት የወጣ እኔን። ወዲያው ይተያያሉ። አንደኛው ይስላል፣ አንደኛው ስለ አየሩ ያነሣል። እኔም ደብተሬ ላይ አቀርቅሬ እስቃለሁ።

ባልንጀራው የአስመራ ልጅ ነው። አዲስ አበባ ከባሌ ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው ተምረዋል፤ ፍራንክፈርትም የመጡት ተከታትለው ነው። እኔ "ጋሼ" እለዋለሁ፣ እሱ "እታለም" ይለኛል። ባሌ የሚሠራው ፌኸንሃይም ካሉት ፋብሪካዎች ባንዱ ነበር፤ ጋሼ ደግሞ እዚያው አጠገብ፣ ዕቃ ማከማቻ መጋዘን ውስጥ። መውጫቸው ሲገጥም ጋሼ ፋብሪካው በር ላይ ይጠብቀዋል፤ ከዚያ እጅ ለእጅ ተያይዘው እስከ ትራሙ ፌርማታ ይሄዳሉ። ይሄ አስገራሚ ነገር መስሎኝ አይደለም የምጽፈው። እኛ አገር ወንድ ከባልንጀራው ጋር ሲሄድ ሌላ ምን ይይዛል? ትንሿን ጣት በትንሿ ጣት ቆልፎ፣ እያወዛወዘ፣ ወሬው ሲጥም ቆም እያለ ነው የሚሄደው። ኤርትራ ራሷን እንድትችል ድምፅ የተሰጠ ዕለት እንኳ ባሌ ጋሼን እስከ ድምፅ መስጫው አዳራሽ በር እጁን ይዞ ነው የሸኘው። ገብቶ እስኪወጣ ውጭ ቆሞ ጠበቀው። ሲወጣ ምን እንደመረጠ አልጠየቀውም። "ምሳ በልተሃል?" ብቻ አለው።

በዚያው ዓመት፣ ቅጠል በሚረግፍበት ሰሞን፣ ባሌ እጁን ለቀቀ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሌ በሚሠራበት ክፍል አንድ ጀርመናዊ ነበር፤ አርባ ዓመት የሚሆነው፣ አንገተ ወፍራም፣ በርሜሉን እንደ ትራስ የሚያነሣ። በወጣትነቱ የበረዶ ላይ ሸርተቴ ተወዳዳሪ ነበር፤ እሁድ እሁድ ጠዋት ጎልማሶችን ያስተምራል። ይህንን ሁሉም ያውቃል። ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ቁምሳጥኑ ላይ ከጋዜጣ የተቀደደ የሴት ቀሚስ ሥዕል ይለጥፉበታል። እሱ ሥዕሉን ያነሣና አጥፎ ኪሱ ይከታል። ባሌ ምሳ የሚበላው ከዚህ ሰው ጋር ነበር፤ ቀስ ብሎ ስለሚያወራለት ጀርመንኛው ይገባዋል። "ጥሩ ሰው ነው" ይለኝ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ "ያቺ ሸርተቴ ባትኖርበት።"

አንድ ቀን ከዚያው ክፍል ሁለት ሰዎች ባሌንና ጋሼን ፌርማታው ላይ እጅ ለእጅ እንደተያያዙ አዩአቸው። በማግስቱ ልብስ ሲቀይሩ አንደኛው ጮክ ብሎ ጠየቀው።

"አንተም አይስኩንስትላውፍ ጀመርክ እንዴ?"

አይስኩንስትላውፍ ጀርመኖች ለበረዶው ሸርተቴ ያወጡለት ስም ነው። በዚያ ክፍል ውስጥ ግን ወንድን ለሚወድ ወንድ የተሰጠ ስም ሆኖ ነበር። ባሌም ይህን ያውቃል።

"የምትወዳደሩት በጥንድ ነው ወይስ ለየብቻ?" አለ ሌላው። ክፍሉ በሳቅ ሞላ።

ይህን ባሌ የነገረኝ ነጭ ሽንኩርት እየላጠ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ ነው።

"ሚስት አለኝ አልኳቸው" አለ። "ሚስት አለኝ፣ እኔ እንደሱ አይደለሁም አልኳቸው።"

"ሰውየው አልነበረም?"

"ነበረ።"

"ምን አለ?"

"ጫማውን ያስር ነበር" አለኝ ባሌ። ሽንኩርቱን መላጡን ቀጠለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳውን ሌላ ጠረጴዛ ላይ መብላት ያዘ። ጋሼ በር ላይ ጠብቆት እጁን ሲዘረጋ ቦርሳውን በዚያው እጅ ይይዛል። ጋሼ መጀመሪያ አልገባውም፤ በሌላው ጎን ዞሮ ሞከረ። ባሌ ቦርሳውን ወደዚያኛው እጅ አዛወረ። አንድ ቀን ከሩቅ ሆኜ ሳያቸው ሁለቱ ዕቃ የሚሻሙ ይመስሉ ነበር፤ ሳቄ መጥቶ እዚያው ደረቀ። በኋላ ጋሼ እጁን መዘርጋቱን ተወ። ቆይቶ በር ላይ መጠበቁንም ተወ። የብርዱ ወራት ገብቶ ውድድሩ በቴሌቪዥን ሲጀመር ሶፋው ላይ የተቀመጠው ባሌ ብቻ ነበር፤ ድምፁን አጥፍቶ። አንዱ ልጅ ወደቀ። ባሌ ምንም አላለም።

"ለምን እውነቱን አትነግረውም?" አልኩት።

"ምን ብዬ? ሰዎች እኔንና አንተን እንዲህ ብለው አሙን ልበለው? ከዚያ በኋላ በምን ዓይኔ አየዋለሁ?"

"አሁንስ መቼ አየኸው?"

ልጅ ሳሉ የጀመረ ወዳጅነት በአንድ ልብስ መቀየሪያ ቤት ሳቅ ሊያልቅ ነበር፤ ከሁለቱ አንደኛው ደግሞ ለምን እንደሚያልቅ እንኳ አያውቅም።

እንደማያውቅ የተረዳሁት ወደ ማታ ትምህርቴ ስሄድ ትራም ውስጥ አግኝቼው ነው። አጠገቤ ተቀምጦ የልጅ ሙሽራ ይመስል እጆቹን ጭኑ ላይ አነባበረ።

"እታለም፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እውነቱን ትነግሪኛለሽ?"

"እሺ ጋሼ።"

"ባንዲራው ነው፣ አይደል?"

"የምን ባንዲራ?"

"ድምፅ የሰጠሁ ዕለት ምንም አላለኝም። በኋላ ሲያስበው ነው የከፋው። አሁን እኔ የውጭ ሰው ነኛ! እጄን እንኳ እንደ እሳት ነው የሚሸሸው።" ጋሼ ሲከፋው አማርኛው አስመራ ይደርሳል፤ «ሐ»ን እንደ ትግርኛ ከጉሮሮው ስር ያወጣታል።

"ማርያምን አይደለም" አልኩት።

"ታዲያ ምንድን ነው?"

የባሌን ኀፍረት እኔ አውጥቼ ማደል አልፈለግሁም። "ራሱን ጠይቀው" አልኩት። ጋሼ ራሱን ነቀነቀ፤ ያልኩትን በፈለገው መንገድ እንደተረጎመው ከፊቱ አየሁ። እኔ መውረጃዬ ደረሰ። በዚያ ምሽት መምህሩ ያስተማረንን አላስታውስም።

የካቲት አካባቢ ጀርመናዊው ባሌን ጋበዘው። እሁድ ተማሪዎቹ ለዘመድ ወዳጅ የተማሩትን ያሳያሉ፤ መጨረሻ ላይ ራሱም ይወጣል። በክፍሉ ካሉት ሁሉ የጋበዘው ባሌን ብቻ ነበር።

"ምን አልከው?"

"ቴርሚን አለኝ፣ ቀጠሮ አለኝ አልኩት።"

"እሁድ ጠዋት ምን ቴርሚን አለህ?"

"ምንም" አለ።

"እንግዲያው እኔ እሄዳለሁ። በመጽሐፍ ያነበብኩትን በዓይኔ ማየት እፈልጋለሁ።" ስልኩን አነሣሁና እሱ እየሰማኝ ወደ ጋሼ ደወልኩ። "ጋሼ፣ እሁድ የበረዶ ሸርተቴ ለማየት ነው የምሄደው። ብቻዬን አታስኬደኝም መቼም።" ጋሼ "እሱስ?" አለ። ባሌን አየሁት። ባሌ መስኮቱን አየ። "ይመጣል" አልኩ።

አዳራሹ ውስጥ ብርዱ ከደጁ ይብሳል። እነሱ ግራና ቀኜ ተቀመጡ፤ በእኔ በኩል ሰላም ተባባሉ። መጀመሪያ ተማሪዎቹ ወጡ፤ ሽበታም ሴቶች፣ ሆዳቸው የገፋ ወንዶች፣ አጥሩን እየተደገፉ። ቤተሰብ ያጨበጭባል። በመጨረሻ እሱ ወጣ። ጥቁር ሱሪ፣ ውኃ ሰማያዊ ሸሚዝ፤ ትከሻው ላይ የሚያብለጨልጩ ጥቃቅን ጠጠሮች ተሰፍተዋል። ከኋላችን አንድ ሰው በቀጭኑ አፏጨ፣ ጓደኛው ሳቀ። ባሌ ጫማውን ማየት ጀመረ።

ሙዚቃው ሲነሣ ግን ቀና አለ። ያ በርሜል የሚሸከም ገላ በረዶው ላይ ክብደቱ ሁሉ ጠፋ። እጁን ሲዘረጋ ጣቶቹ ድረስ ያስብበታል። ወደ ኋላ ሲሄድ የጫማው ስለት የሚያወጣውን ድምፅ እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ፤ ጨርቅ በቀስታ ሲቀደድ ይመስላል። ከዚያ ዞሮ ፊት ለፊት መጣ። አክሰል እንደሆነ አወቅሁ፤ ለዚያ ዕድሜና ለዚያ ጉልበት ብዙ ነው። ተነሣ። ዞረ። ሲያርፍ እግሩ ከዳው፤ በጎኑ ወደቀ፣ የአጥንቱ ድምፅ እኛ ዘንድ ደረሰ።

"እኔን!"

ከግራዬም ከቀኜም፣ ባንድ ጊዜ፣ በሙሉ ድምፅ። አዳራሹ በሞላ ወደ እኛ ዞረ። እኔ መሐል ቀረሁ። ሁለቱ በእኔ ራስ ላይ ይተያዩ ነበር፤ በዚህ ጊዜ አንዳቸውም አልሳሉም። ሰውየው ተነሣ፣ በረዶውን ከሱሪው አራገፈ፣ ከቆመበት ቀጥሎ ጨረሰው።

በኋላ ሻይ በምንጠጣበት ጥግ እያነከሰ መጣ፤ ደስ ብሎታል።

"የጮኻችሁት ምን ማለት ነው?" አለ።

ባሌ ጀርመንኛውን ፈለገ። "ባንተ ፈንታ እኔ ልውደቅ ማለት ነው።"

"እንግዲያው ጉልበቴን ውሰድልኝ፣ ሊያብጥ ነው" አለ ሰውየው። ሳቅን። ባሌ ግን ሳቁን ቶሎ ጨረሰ።

"ያኔ ልብስ መቀየሪያው ውስጥ ያልኩትን ሰምተሃል።"

"ሰምቻለሁ።"

"ጥሩ አልነበረም።"

"ሚስት አለኝ አልክ፤ አለችህ፣ ይቻት" አለና በአገጩ ወደ እኔ ጠቆመ። "እኔ ደግሞ አብሮኝ የሚኖር ሰው አለኝ። ወንድ ነው፤ አሁን ቤት ምሳ እየሠራ ነው። ግን እሱን የሰጠኝ በረዶው አይደለም። አብረውኝ የሠለጠኑት ልጆች ሁሉም ሴት አግብተው ወልደዋል። እነሱም ልክ እንደኔ ነበር የሚሰደቡት።" ጉልበቱን እያሻሸ ተማሪዎቹ ጋ ሄደ።

ጋሼ ጀርመንኛው ከባሌ ይሻላል፤ ሁሉንም ሰምቷል። "የምን ልብስ መቀየሪያ?" አለ በአማርኛ።

ባሌ በረዶውን እያየ ነገረው፤ ፌርማታውን፣ ጥያቄውን፣ ሳቁን። ጋሼ ሻዩን አስቀመጠ።

"ለዚህ ነው?"

"ለዚህ ነው።"

"ባንዲራው አይደለም?"

"የምን ባንዲራ?"

ጋሼ ሳቀ። ሳቁ ሳያልቅ ግን ፊቱ ተለወጠ። "ባንዲራ ቢሆን ይሻለኝ ነበር! እሱ እንኳ የመንግሥት ጠብ ነው። አንተ ለሁለት ባለጌ ብለህ እጄን ጣልከው! በረዶ ላይ ተንሸራታች መሰልክ ቢሉህ ምን ትሆናለህ? ምን ይቀንስብሃል?" ኮቱን ለበሰና ቻው እንኳ ሳይለን ወጣ።

ወደ ቤት ስንመለስ ባሌ ትራሙ ውስጥ፣ "ወንድ ከወንድ ጋር መኖሩ እኔ አይገባኝም" አለኝ። ከአንድ ፌርማታ በኋላ፣ "ምሳ ግን ከሱ ጋር ነው የምበላው።" እጄን ክንዱ ላይ ጣል አደረግሁ።

በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ በፋብሪካው በኩል አለፍኩ። ጋሼ በር ላይ ቆሟል። ባሌ ከጀርመናዊው ጋር እያወራ ወጣ፤ ጋሼን ሲያየው ቆም አለ። ጋሼ ሰላም አላለውም። እጁን ብቻ ዘረጋ። ባሌ ቦርሳውን ወደ ሌላው እጅ አዛወረና ያዘው። ጀርመናዊው ጉልበቱን እያሳበበ ከጎናቸው ቀስ ብሎ ይሄዳል።

ከበሩ ከወጡት ሰዎች መሐል አንዱ አፏጨ። የባሌ ጣቶች ሲከፈቱ አየሁ።

የጋሼ ግን አልተከፈቱም። እስከ ፌርማታው እንደዚያው ይዞት ሄደ፤ ትራሙ እስኪመጣም እንደያዘው ቆመ።